በቀብሩ ዕለት ያልተሰረዘው ቀጠሮ፦ የኩልፎ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕክምና ማዕከል ስለ ዶክተር ክብሩ ጉታ ዕረፍት ያወጣው የሀዘን መግለጫ

ለማዕከሉ ባልደረቦች፣ ለታካሚዎቻችንና ለመላው የአርባ ምንጭና የጋሞ ዞን ሕዝብ፦

ከማዕከላችን መሥራቾች አንዱና የቀዶ ሕክምና ክፍላችን ኃላፊ የነበሩት የአጥንት ቀዶ ሐኪም ዶክተር ክብሩ ጉታ ባደረባቸው ድንገተኛ የልብ ሕመም ሰኞ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ጠዋት በስድሳ ዓመታቸው አርፈዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በማግስቱ ማክሰኞ በትውልድ መንደራቸው በኦቾሎ ቤተሰባቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ወገኖቻቸውና ከየአቅጣጫው የመጣ ሕዝብ በተገኘበት ተፈጽሟል። ማዕከሉ ሀዘኑን የሚመጥን ቃል ፈልጎ አላገኘም። ስለዚህ በአጭሩ፣ አዝነናል፤ በጣም አዝነናል።

ይህ መግለጫ አንድ ሳምንት ዘግይቷል። የዘገየበት አንዱ ምክንያት ብዕር ያነሣው ሁሉ እያለቀሰ መልሶ ስላስቀመጠው ነው። ሌላው ምክንያት ግን ከሕዝቡ የተነሣ ጥያቄ ነው። ዶክተር ክብሩ አሥር ዓመት ሙሉ አጠገባቸው አቁመው ያስተማሯቸው አምስት የቀዶ ሕክምና ቡድን አባላት በቀብራቸው ላይ አልነበሩም። «ቀባሪ አያሳጣህ» ተብሎ በሚመረቅበት አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አንድ የኦቾሎ አባት በመቃብሩ አፋፍ ቆመው፣ «ያስተማራቸው ልጆች የታሉ?» ብለው መጠየቃቸውን ሰምተናል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልስም ይገባዋል። መልሱ ግን ሰውየውን ለማያውቅ ሰው ስለማይገባ አስቀድመን ስለ ሰውየው እንናገራለን።

ዶክተር ክብሩ በ1957 ዓ.ም. በኦቾሎ ከሸማኔው ከአቶ ጉታ ተወለዱ። አባታቸው ሙሉ ዕድሜያቸውን ከሸማ ዕቃው ጉድጓድ ውስጥ እግራቸውን ሰድደው መርገጫ ሲረግጡ የኖሩ ሰው ነበሩ። በመጨረሻም ጉልበታቸው ተይዞ ከደጃፋቸው ሳይርቁ አለፉ። ልጃቸው ሕክምናን በጅማ፣ የአጥንት ቀዶ ሕክምናን ደግሞ በአዲስ አበባ ከተማሩ በኋላ «ወዴት ትሄዳለህ?» ሲባሉ «ወደ ጉልበቶቹ» ብለው መመለሳቸውን የዘመኑ ጓደኞቻቸው እስከ ዛሬ እየሳቁ ያነሡታል።

በ2006 ዓ.ም. ወደ አርባ ምንጭ ተመልሰው ይህን ማዕከል በከተማዋ በሲቀላ ሰፈር ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ሆኑ። በ2008 ዓ.ም. ያለቀ ጉልበትን በሰው ሠራሽ የመተካት ቀዶ ሕክምና በማዕከላችን ጀመሩ።

ያን ጊዜ የነበረው ትልቁ ችግር ደም ነበር። ጉልበት ሲቀየር አጥንት ይቆረጣል፤ የተቆረጠ አጥንት ደግሞ እንደ ሥጋ ተሰፍቶ አይዘጋም፣ ለሰዓታት ደም ያነባል። ከአሥር ታካሚ ለሰባቱ ደም ይሰጥ ነበር። ደሙን የሚሰጠው ዘመድ ነው። ከዶርዜም ከኦቾሎም ለአንድ ሰው ጉልበት መንደሩ በሙሉ በአይሱዙ ተጭኖ ይወርዳል። ለወገን ደም ለመስጠት አለመምጣት ነውር ስለሆነ ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባቶች ሳይቀሩ እጅጌያቸውን ሰብስበው ይሰለፉ ነበር። «እርስዎ አይችሉም» የተባሉት ሽማግሌ «ተናቅሁ» ብለው ተቀይመው የሄዱበትን ቀን የላቦራቶሪ ክፍላችን አይረሳውም። ዶክተር ክብሩ በማግስቱ ቤታቸው ድረስ ሄደው ይቅርታ ጠይቀዋቸዋል።

በ2009 ዓ.ም. ለሁለት ጉልበት ቀዶ ሕክምና ያስያዝነውን ደም በሙሉ በተጠቀምንበት ቀን ከሌላ ጤና ተቋም ደም የምትፈልግ ወላድ እንዳለች ጥሪ መጣ። የቀረን አንድም ከረጢት አልነበረም። የዶክተር ክብሩ የደም ዓይነት ከእርሷ ጋር ስለሚስማማ የቀዶ ሕክምና ልብሳቸውን እንደለበሱ ተኝተው ሰጡ፤ ሁለት ነርሶችም ተከተሏቸው። ሴቲቱ ዳነች። ዶክተሩ ግን በዚያ ሳምንት በነበረው ስብሰባ ላይ የተናገሩት ቃል በሁላችን ጆሮ ቀርቷል። «ሰው እንዲራመድ ብለን ከወላድ አፍ ነጥቀን ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ደም የምንለምን ሳይሆን ደም የማናፈስ ሐኪሞች እንሁን» አሉ። ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ሁሉ የዚህ ቃል ፍሬ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ማንም የጉልበት ታካሚ ቀዶ ሕክምና ከሚደረግለት ቀን ሦስት ወር በፊት የደሙ መጠን እንዲታይ ደነገጉ። በቆላው ወባ፣ በየእርሻውም በባዶ እግር የሚገባ የአንጀት ትል ደም እየጨረሱበት ሰው ሳያውቀው ደሙ አንሶ ይኖራል። እንዲህ ያለውን ታካሚ መጀመሪያ ትሉንና ወባውን ያክማሉ፣ የብረት ክኒን ያስጀምራሉ፣ ምግቡን ይጠይቃሉ። ሰው ግን የታመመው ጉልበቱን ሆኖ ስለ ደሙ ሲጠየቅ ደስ አይለውም። «ሐኪሙ ገፋኝ» እያለ ያማ የነበረ ሰው ብዙ ነው። ዶክተሩ ሐሜቱን ያውቁት ነበር፤ ከሦስቱ ወር ግን አንዲት ቀን እንኳ አላሳጠሩም።

በ2011 ዓ.ም. የረጋ ደም ተመልሶ እንዳይሟሟ የሚያደርገውን ትራኔክሳሚክ አሲድ የተባለውን መድኃኒት በቀዶ ሕክምናው መጀመሪያ በደም ሥር፣ በመጨረሻም በጉልበቱ ውስጥ መስጠት ጀመሩ። ቀደም ሲል እግሩ ወይም ሳንባው ውስጥ ደም ረግቶበት የሚያውቅ ታካሚ መሆን አለመሆኑን ሦስት ጊዜ ሳይጠይቁ ለማንም አይሰጡም ነበር። መድኃኒቱ ሲጀመር «ኩልፎ ደም የሚያደርቅ መርፌ ይወጋሉ» የሚል ወሬ ደጋውን አዳረሰ፤ ሁለት ወር ሙሉ ከዶርዜ አንድም ታካሚ አልወረደም።

ዶክተር ክብሩ ወሬውን በማስታወቂያ አላስተባበሉም። በዶርዜ ሽማግሌዎች በሚሰበሰቡበት ዱቡሻ ተገኝተው ተራቸውን ጠብቀው ተናገሩ። የሸማኔ ልጅ ናቸውና በሸማኔ ቋንቋ ተናገሩ። ጋቢ ተሠርቶ ሲያልቅ ዘርፉ ካልተቋጠረ ድሩ ይተረተራል። ሰውነትም ቁስሉን በረጋ ደም ይሸምናል፤ ወዲያው ደግሞ ራሱ ይተረትረዋል። «ይህ መርፌ አዲስ ክር አይፈትልም፣ ያለውንም አያደርቅም። ዘርፉን መቋጠር ብቻ ነው ሥራው» አሉ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንዱ «ታዲያ እስከ ዛሬ ሳትቋጥሩ ነበር የምትሰጡን?» ብለው ሲጠይቁ ሸንጎው በሳቅ ፈረሰ፣ ዶክተሩም አብረው ሳቁ። በቀጣዩ ሳምንት አምስት ታካሚዎች ወረዱ።

በ2012 ዓ.ም. ሁለት ነገር አስቀሩ፣ አንድ ነገር ጨመሩ። ጭንን አንቆ ደም የሚይዘው በአየር የሚነፋ ቀበቶ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታስሮ መቆየቱን አስቀሩ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ በጉልበት ውስጥ ይተው የነበረውንና ደም ሲያንጠባጥብ የሚያድረውን ቱቦም አስቀሩ። የጨመሩት፣ ለመሣሪያ ማስገቢያ በጭን አጥንት ላይ የሚከፈተውን ቀዳዳ ከዚያው ከታካሚው በተቆረጠ አጥንት መድፈን ነው። ይህን ለተማሪዎቻቸው ሲያሳዩ «የከፈትከውን በር ዝጋ፤ እናትህ ያስተማረችህን ነው» ይሉ ነበር።

ሚዛኑም የመጣው በዚያው ዓመት ነው። የፈሰሰ ደም በዓይን ሲገመት ሁልጊዜ ያንሳል ብለው ስለሚያምኑ፣ ደም የጠጣ የቁስል መጥረጊያ ጎዝ ሁሉ ከደረቁ ጋር እየተነጻጸረ እንዲመዘን አዘዙ። ለዚህ የሚሆን ሚዛን ግዢ እስኪፈቀድ አልጠበቁም። ሲቀላ ገበያ ወርደው በርበሬ የሚመዘንበትን ዓይነት ገዝተው መጡ። የሸጡላቸው ነጋዴ፣ «ዶክተር፣ ደግሞ ወደ ቅመም ሊገቡ ነው?» ብለው እንደቀለዱባቸው ራሳቸው ነግረውናል። ሚዛኑ በንጹሕ ላስቲክ ተሸፍኖ ቀዶ ሕክምና ክፍላችን ውስጥ እስከ ዛሬ አለ።

እውነቱን ለመናገር አብሯቸው መሥራት ቀላል አልነበረም። ቁስል የታጠበበት ውኃ በመምጠጫው ጠርሙስ ከደሙ ጋር ስለሚቀላቀል ውኃው ካልተቀነሰ የደሙ ልክ አይታወቅም። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቀዶ ሕክምና መጨረሻ፣ ሁሉም ደክሞት ጓንቱን ሊያወልቅ ሲል፣ «ውኃው ስንት ነበር?» ይላሉ። የማያውቅ ወዮለት። የሰመመን ባለሙያችን አቶ ጥዑመልሳን ይህን ጥያቄ በሕልማቸው ጭምር ይሰሙ እንደነበር በሠራተኞች በዓል ላይ ተናግረው ከማንም ይልቅ ያሳቁት ዶክተሩን ነበር። ቁጣቸው ግን ራሳቸውንም አይምርም ነበር። ጉልበት በሠሩበት ቀን ደሙ ከወትሮው ከበዛ ምሳ አይበሉም።

በነዚህ ሁሉ ጥረቶች ባለፈው ዓመት በማዕከላችን ጉልበታቸው ከተቀየረላቸው ከእያንዳንዱ ሃያ ሰዎች ደም ያስፈለገው ለአንዱ ያህል ብቻ ነው። አይሱዙዎቹ አሁንም ይመጣሉ፤ ነገር ግን ሰዎቹ ደም ሊሰጡ ሳይሆን ታካሚውን ሊጠይቁ ነው የሚመጡት።

ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ዶክተር ክብሩ ያሠለጠኗቸው ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። ከእነርሱ ውስጥ የቀዶ ሕክምና ክፍሉን በተጠባባቂነት የሚመሩትን ዶክተር ፅዮን ወንደሰንን እዚህ መጥቀስ ግድ ነው፤ ከላይ የተነሣው ጥያቄ በቀጥታ የሚነካው እርሳቸውን ነውና።

ሰኞ ጠዋት መርዶው ሲሰማ ለማክሰኞ ቀጠሮ የተያዘላቸው አንድ ታካሚ ነበሩ፤ የዶርዜው ሸማኔ አቶ ኦይታ። ሁለቱም ጉልበታቸው አልቆ ከሸማ ዕቃቸው ከወጡ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። የቀኙ ጉልበት እንዲቀየር ከተወሰነ በኋላ የደም ማነስ ተገኝቶባቸው በዶክተር ክብሩ ትእዛዝ አራት ወር መድኃኒት ወስደዋል። ደማቸው የሞላው በቅርቡ ነው። ለእርሳቸው የሚሆነው የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ከአዲስ አበባ በውሰት የመጣ ሲሆን ረቡዕ ተመላሽ ነበር። ያ ካለፈ ቀጣዩ ዙር መቼ እንደሚሆን በእርግጠኝነት የሚናገር ሰው አልነበረም። ክረምት ሊገባ ነው፤ በዶርዜ ጭቃ እንደዚያ ባለ ጉልበት መውጣትና መውረድ ምን እንደሆነ የአካባቢው ሰው ያውቀዋል።

እንዲያም ሆኖ ቡድኑ ቀጠሮውን ለመሰረዝ ወስኖ ነበር። መምህሩን ያልቀበረ ተማሪ ሆኖ መቅረትን ማንም አልፈለገም። ኦቾሎ ወጥቶ መመለስ ደግሞ ቀኑን ይጨርሳል፤ ሁለቱን በአንድ ቀን ማድረግ አይቻልም። ለለቅሶ ወደ ዶክተሩ ቤት ሲሄዱ ባለቤታቸው ወይዘሮ ባዩሽ በዚያ ሁሉ ሀዘን መካከል ቀና ብለው ዶክተር ፅዮንን «ነገ ተራ ማን ነበረው?» ብለው ጠየቁ።

በእንዲህ ያለ መግለጫ ውስጥ የሰው ንግግር ማስገባት የማዕከላችን ልማድ አይደለም። ወይዘሮ ባዩሽ ያሉትን ግን በሌላ ቃል ብንጽፈው ይበላሻል። አቶ ኦይታ መሆናቸውና ቀጠሮው መሰረዙ ሲነገራቸው እንዲህ አሉ።

«ያ ሽማግሌ አራት ወር ክኒን የዋጠው ለምንድን ነው? ክብሩን ለመቅበር ኦቾሎ ሰው አያንስም። ኦይታን ግን ከእናንተ ሌላ ማን ይሠራዋል?»

ዶክተር ፅዮን «እጄ ቢንቀጠቀጥስ?» አሉ።

«ይንቀጠቀጥ። ቢላዋውን ስትይዢ ያቆማል። እኔም ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ጠመኔ እስክይዝ ነው እንጂ ከያዝሁ በኋላ እጄ ተንቀጥቅጦብኝ አያውቅም።»

በማግስቱ ሬሳው ወደ ኦቾሎ ሲወጣ ዶክተር ፅዮን፣ አቶ ጥዑመልሳንና ሦስት ባልደረቦቻቸው ቀዶ ሕክምና ክፍል ገቡ። ለአቶ ኦይታ ሁለት ከረጢት ደም በተጠንቀቅ ተይዞላቸው ነበር። መርፌው በሰዓቱ ተሰጠ፣ ቀበቶው በሰዓቱ ተፈታ፣ የአጥንቱ ቀዳዳ ተደፈነ፣ ጎዙም አንድ በአንድ ተመዘነ። ቁስሉ ተሰፍቶ ሲያልቅ ግን ጓንቱን ያወለቀ አልነበረም። ሁሉም ያንን ጥያቄ ይጠብቅ ነበር። ጠያቂው የለም። ቆይተው ዶክተር ፅዮን፣ «ውኃው ስንት ነበር?» አሉ፤ አቶ ጥዑመልሳንም እያለቀሱ ቁጥሩን ተናገሩ።

የፈሰሰው ደም ጥቂት ነበር፤ በመምህሩ እጅ ሲሠራ ከምናየው አይበልጥም። የተያዙት ሁለት ከረጢቶች ሳይከፈቱ በዚያው ቀን ወደ ደም ባንክ ተመልሰዋል። ለማን እንደዋሉ ማዕከሉ አልጠየቀም። ዶክተር ክብሩ ግን ለማን እንዲውሉ ይፈልጉ እንደነበር እናውቃለን።

እንግዲህ «ያስተማራቸው ልጆች የታሉ?» ለተባለው የማዕከሉ መልስ ይህ ነው። ያስተማሯቸውን ሲሠሩ ነበር። ይህንንም ስንል ቅሬታ የገባቸውን አባቶች ልንመክር አይደለም። እኛም ራሳችን ቀብሩን ባሰብነው ቁጥር ያመናል፤ ዶክተር ፅዮን የአንድ እፍኝ አፈር ዕዳ አለብኝ እያሉ ነው። ኦቾሎ ወጥተው መቃብሩን ሲሳለሙ የመንደሩ ሰው እንዲቀበላቸው በትሕትና እንጠይቃለን።

ጥያቄውን ከማዕከሉ ይልቅ በሚገባ የመለሱት ግን ሌላ ሰው ናቸው። ዓርብ ዕለት አቶ ኦይታ ወደ ለቅሶው ቤት ካልወሰዳችሁኝ ብለው አስቸገሩ። በሦስተኛ ቀኑ ታካሚን ማንቀሳቀስ ደንባችን አልነበረም። ዶክተር ፅዮን ቁስሉን አይተው፣ ነርስ አብራ እንድትሄድ አድርገው በአምቡላንስ ላኳቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን በተሽከርካሪ ወንበር መገፋትን እምቢ አሉ። የመራመጃ ብረታቸውን ይዘው፣ ከበሩ እስከ ድንኳኑ ውስጥ፣ ለቀስተኛው መንገድ እየለቀቀላቸው፣ ቀስ ብለው በእግራቸው ገቡ።

ወይዘሮ ባዩሽ ፊት ቆመው፣ «እህቴ፣ ልጆቹን ከቀብር ያስቀረ እኔ ነኝ። በነሱ አትዘኚ። የኔ ጉልበት ነው ያስቀራቸው» አሉ።

ወይዘሮ ባዩሽ የሽማግሌውን ጉልበት፣ ከጉልበታቸውም ወደ እግራቸው ተመለከቱ። 

«አባባ ኦይታ» አሉ፣ «ካልደከመዎት እስኪ አንዴ ደግመው ይሂዱልኝ። ክብሩ አንዴ አይቶ አያምንም ነበር።»

አቶ ኦይታም ዞረው እስከ በሩ ሄደው ተመለሱ። ያን ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ አለቀሰ፤ በመቃብሩ አፋፍ የጠየቁት የኦቾሎው አባትም በዚያ ነበሩ፣ ተነሥተው አቶ ኦይታን በክንዳቸው ደግፈው አስቀመጧቸው።

ማዕከሉ ለወይዘሮ ባዩሽ፣ ለልጆቻቸው ለባርኮትና ለአቢጋኤል፣ ለኦቾሎ ዘመዶቻቸው፣ ለቤተ ክርስቲያን ወገኖቻቸው፣ በእጃቸው ታክመው ዛሬ ቀጥ ብለው ለሚሄዱ ሁሉና ለራሱም ባልደረቦች እግዚአብሔር ብርታቱን እንዲያድል ይመኛል። ለቅሶ ለደረሳችሁ፣ ምግብ ይዛችሁ ለመጣችሁ፣ ድንኳን ለተከላችሁ፣ ቀብራችሁ ለተመለሳችሁ ሁሉ፣ በተለይም እኛ በሌለንበት የእኛን ድርሻ ለተሸከማችሁ፣ ብድራችሁን ይክፈላችሁ።

በመጨረሻም አንድ ማሳሰቢያ። የቀዶ ሕክምና ክፍሉ ኃላፊ በማለፋቸው ቀጠሯቸው የተራዘመ የመሰላቸው ታካሚዎች ስልክ እየደወሉ ይጠይቃሉ። የተራዘመ ቀጠሮ የለም። ነገ ማክሰኞ ተራ ያላችሁ ሳትበሉ፣ ክኒናችሁን ሳታስተጓጉሉ በሰዓታችሁ ኑ። ሚዛኑም ቦታው ነው፤ «ውኃው ስንት ነበር?» የሚልም ሰው አለ።

የኩልፎ የአጥንትና የመገጣጠሚያ ሕክምና ማዕከል
ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ
ሰኞ ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.